መግል የሌለው ቁስል

የጨረር ህክምና ልትጀምሩ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ስለ ፀጉር ይጠይቃችኋል። ስለ ማቅለሽለሽ ይነግራችኋል። «ቆዳሽ ይጠቁራል» ብሎ የሚያስፈራራም አይጠፋም። ስለ ነጭ የደም ሴል የሚያወራችሁ ግን አታገኙም። እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለ እሱ ነው። ካንሰሩን ታክሜ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ልትገድለኝ የነበረችው አንዲት የዓሣ እሾህ ናት ብሎ ሰፈሩ አሁንም ያምናል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል።

የምኖረው ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ህመሜ የማህፀን በር ካንሰር ነበር። ጨረሩን የወሰድኩት አዲስ አበባ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ህክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ የጣና ዳር ሰው ጨረር ሲባል ቀድሞ የሚታየው መንገዱ ነው። ዘመድ ቤት ማረፉ፣ ወረፋው፣ የአልጋ ኪራዩ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ልለፈው።

የተለመደው አሰጣጥ በቀን 1.8 ወይም 2 ግሬይ ነው። ግሬይ ሰውነት የተቀበለው የጨረር መጠን የሚለካበት ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ገደማ ይሰጣል። በየሳምንቱ ደግሞ ሲስፕላቲን የሚባል ኬሞ ይጨመርበታል፤ ጨረሩ ካንሰሩን ይበልጥ እንዲጎዳው ያግዛል። የእኔ ጨረር በዳሌ ብቻ አላበቃም። ሆዴ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶችም ተነክተው ስለነበር እስከ ወገቤ ድረስ ወጣ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ህክምናው ሲጋመስ ሐኪሟ የደም ምርመራ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አንዲት መስመር ላይ በእስክሪብቶ አከበበች። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ይቺን ነው የምታይው» አለችኝ። መስመሯ ኒውትሮፊል ትላለች። እኔ እስከዚያ ቀን አጠቃላይ የነጭ ደም ሴል ቁጥሩን ነበር የማየው። እሷ ግን ዋናው የኒውትሮፊሉ ቁጥር እንደሆነ አስረዳችኝ።

ኒውትሮፊል ባክቴሪያ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚደርስ ነጭ የደም ሴል ነው። ባክቴሪያውን ይውጠዋል፣ ይገድለዋል፣ ራሱም እዚያው ይሞታል። ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ ሰውነታችን በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠር አዲስ ኒውትሮፊል ማምረት አለበት። ፋብሪካው የአጥንት መቅኔ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ደግሞ ደም የሚያመርተው መቅኔ በብዛት ያለው በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በጎድን አጥንትና በፍርምባ ነው። እንግዲህ የእኔ ጨረር ያለፈው በየት በኩል ነበር? በዳሌና በወገብ አጥንት።

ጨረር የሴልን ዲኤንኤ ይበጥሳል። የተበጠሰበት ሴል ልከፋፈል ሲል ይሞታል። ካንሰር ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈል ነውና የሚጠቃው በዚህ ነው። ግን መቅኔውም ቀን ከሌት የሚከፋፈል ነው። ጨረሩ ሁለቱን አይለይም።

ቁጥሩ ደግሞ በአንድ ቀን አይወርድም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ የግድቡ በር ሲዘጋ ጢስ ዓባይ ያኔውኑ አይደርቅም፤ መንገድ ላይ ያለው ውሃ መጀመሪያ መውረድ አለበት። ኒውትሮፊልም እንዲሁ ነው። ደም ውስጥ ያለውና መቅኔ ውስጥ የበሰለው አገልግሎ እስኪያልቅ ሰው ደህና የሆነ ይመስለዋል። ባዶነቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሊምፎሳይት የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ግን ለጨረር እጅግ ስሱ ናቸው። እስኪከፋፈሉ እንኳ ሳይጠብቁ ይሞታሉ፤ መላ ሰውነቱን ከባድ ጨረር ባገኘው ሰው ላይ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይወርዳሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ከእነሱ ወገን ስለሆኑ፣ እነሱ ሲያንሱ ሰውነት የሚያውቀውን ጠላት እንኳ ቶሎ አይመልስም።

ስለዚህ አደገኛው ጊዜ ህክምናው ሲጀመር አይደለም። ወደ ማብቂያው ላይና ካበቃ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። ማለትም ሰዉ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» እያለ እየመጣ በሚስምበት ጊዜ።

እኔም ልክ በዚያ ጊዜ ነበር ቤቴ የገባሁት። ታናሽ ወንድሜ ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ገዝቶ መጣ። ገና ያልተጠረገ ዓሣ ነው፣ በቀጭን ጥቁር ፌስታል። ፌስታሉን ከበሩ ላይ አንስቼ ወደ ጓዳ ሳሻግር የጀርባ ክንፉ እሾህ ፌስታሉን ቀዶ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ቆሮሶ ገዝቶ የማያውቅ የባህር ዳር ሰው የለም፣ ያቺን እሾህ ታውቋታላችሁ። አንዲት ነጥብ ደም ወጣች። በሳሙናና በውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ አልኮል አደረግኩበት።

በማግስቱ ጣቴን አየሁት። አላበጠም። አልቀላም። መግል የለውም። ነጥቧ በጥፍሬ ጎን እንደ ጠቃጠቆ ጠቁራ ቀርታለች። ስነካው ብቻ ጠለቅ ብሎ ያመኛል። እናቴ በመብራት አገላብጣ አየችውና «ተመስገን፣ ድኗል ልጄ» አለች። ማንም ቢሆን እንደዚያ ይላል።

ከዚያ ማታ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ። ጋቢ ደረብኩ፣ አልሆነም። ጥርሴ ተንገጫገጨ። እናቴ ወባ ነው አለች። ለባህር ዳር ሰው ብርድ ብርድ ሲል ቀድሞ የሚመጣው ወባ ነውና አልፈርድባትም። ቴርሞሜትሩን በብብቴ ያዝኩት፣ 38.4 አለ። በብብት የሚለካ ከአፍ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ትክክለኛው ሙቀቴ ከዚያም በላይ ነበር ማለት ነው። ሐኪሟ የነገረችኝ እንዲህ ነው፦ ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ ሰው አንድ ጊዜ 38.3 ካየ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቁጠረው። እስኪነጋ አይጠብቅ። ፓራሲታሞል ውጦ አይተኛ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ባክቴሪያውን አይነካም፤ ያላችሁን አንድ ማስጠንቀቂያ ነው የሚያጠፋባችሁ።

ሌሊት መንቀሳቀስ እዚህ ከተማ እንዴት እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም። ጎረቤታችን መኪና አለው፣ እሱን ቀሰቀስን። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ተቋም ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ተረኛው ወጣት ሐኪም ጣቴን አየ፣ ጉሮሮዬን አየ፣ ደረቴን አዳመጠ።

«እህቴ፣ ቁስሉ ንጹህ ነው። መግልም የለው። ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም። ፓራሲታሞል ልጻፍልሽ፣ ጠዋት ካልተሻለሽ ትመለሻለሽ» አለኝ።

ወንድሜ በትህትና፣ ግን ሳያፈገፍግ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ይቺን አንዴ ይዩልን» ብሎ ከአዲስ አበባ የያዝኩትን ወረቀት ሰጠው። የመጨረሻው የደም ምርመራዬና በሐኪሟ እጅ የተጻፈች ሁለት መስመር ናት። ዳሌና ወገብ ላይ ጨረር ከሲስፕላቲን ጋር እንደወሰድኩ፣ ትኩሳት ካለኝ ወዲያው ደም ተቀድቶ በደም ሥር አንቲባዮቲክ እንዲጀመርልኝ ትላለች። ልጁ አንብቦ ሳይጨርስ ከወንበሩ ተነሳ። «ሲስተር፣ ካኑላ!» ሲል እሰማዋለሁ።

ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ኢንፌክሽን ያለበት ቁስል ቀይ ነው፣ ያብጣል፣ ይመግላል ተብሎ ነው የተማረው። እኛም ከልጅነታችን የምናውቀው ይህንኑ ነው። ግን መግል ምንድን ነው? በአብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ክምር ነው። ኒውትሮፊል የሌለው ሰው ከየት አምጥቶ ይመግል? ሳንባ ምች ይዞት አክታ ላይኖረው ይችላል። የሽንት ቧንቧው ተመርዞ ሽንቱ ላይደፈርስ ይችላል። ቅላቱም እብጠቱም የሚያንሰው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ብቸኛ ምልክት ትኩሳት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙልኝ።

የዚያ ሌሊት ኒውትሮፊሌ ከ500 በታች ወርዶ ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ1500 በላይ ነው የሚገኘው። ከ1000 ሲወርድ ጥንቃቄ ይጨምራል። ከ500 ሲወርድ ተራ ባክቴሪያ ሰው ይገድላል፣ ያውም በሰዓታት። ለዚህ ነው መጀመሪያ ደም ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ ለመለየት፣ ተቀድቶ፣ ውጤቱ ሳይጠበቅ፣ አንቲባዮቲኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር የሚመከረው። የእኛ ትንሽ ዘገየ፤ መድኃኒቱን ወንድሜ ከውጭ ፋርማሲ ነው ሮጦ ያመጣው። ይህም ለማንም አዲስ አይደለም።

ካልቸሩ ሲመጣ ሁላችንም የዓሣውን እሾህ ነበር የምንጠብቀው። በሐይቅና በወንዝ ውሃ ውስጥ ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በዓሣ እሾህ የተወጋን ሰው ክፉኛ ሊይዝ ይችላል። ከደሜ የበቀለው ግን ኢ. ኮላይ ሆነ። «ይሄ ከሐይቁ ሳይሆን ከራስሽ አንጀት የመጣ ነው የሚመስለው» አለችኝ የክፍሉ ሐኪም። ደነገጥኩ። ለካ ጣቴን ስጠብቅ በሌላ በር ገብቷል።

ያ በር የአንጀት ሽፋን ነው። አንጀታችንን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። አሮጌው ይረግፋል፣ አዲሱ ከሥር ይተካል። ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈል ነውና ጨረር ይጎዳዋል። መታደሱ ሲቋረጥ ይሳሳል፣ ይቆስላል። በጨረር ጊዜ የሚያስቸግረን ተቅማጥ የዚህ ምልክት ነው። አንጀት ውስጥ ደግሞ ኢ. ኮላይን፣ ክሌብሲየላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በሰላም ይኖራሉ። ሽፋኑ ሲሳሳ ወደ ደም ይሻገራሉ። ድሮ ቢሻገሩም ኒውትሮፊል ይቀበላቸው ነበር። አሁን ግን ሽፋኑም ተጎድቷል፣ ተቀባዩም የለም። የጨረር ክፋቱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጥቃቱ ነው። በብሽሽትና በመቀመጫ አካባቢ የሚላጠው ቆዳም ሌላ በር ነው። አንገትና አፍ ላይ ጨረር ለሚወስዱ ደግሞ ምራቃቸው ይደርቃል፣ ጥርስና ድድ የባክቴሪያ ቤት ይሆናል፤ ለዚህ ነው ጨረር ከመጀመሩ በፊት ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ የሚባሉት።

አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ብዙ አነበብኩ። በፈረንጆቹ 1945 ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ከፍንዳታው የተረፉ ብዙ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ የሞቱት ነጭ የደም ሴላቸው አልቆ፣ በመድማትና በኢንፌክሽን ነው። በ1986 ቼርኖቤል ላይ 134 ሰዎች አጣዳፊ የጨረር ህመም ይዟቸው፣ 28ቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሞተዋል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የብራዚሉ ጎያኒያ ነው። በ1987 ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ አንድ የጨረር ህክምና መሣሪያ ቆራሌዮ ወስዶ ፈታታው። ውስጡ ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ዱቄት ነበር። አራት ሰዎች በመድማትና በተሰራጨ ኢንፌክሽን ሞቱ።

ይህን አንብቤ ሐኪሟን ጠየቅኳት። መላ ሰውነቱ በአንዴ 4 ግሬይ ያህል ያገኘ ሰው ካልታከመ የመሞት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ይላል። እኔ ከዚያ አሥር እጥፍ በላይ ወስጄ እንዴት አለሁ? «አንቺ አንድ ቦታ ላይ ነው የወሰድሽው፣ ያውም ተከፋፍሎ» አለችኝ። ጨረሩ ያልነካው የፍርምባ፣ የጎድንና የላይኛው አከርካሪ መቅኔ ማምረቱን ይቀጥላል። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ሲሰጥ ደግሞ ጤነኛው ሴል በመሃሉ የተበጠሰበትን ይጠግናል። ፊልግራስቲም የሚባል መቅኔ የሚያነቃቃ መርፌም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በ2015 በጨረር አደጋ መቅኔያቸው ለተጎዳ ሰዎች እንዲሰጥ ተፈቅዷል። እንደ እኔ ላለው ሰው ግን ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን ሐኪም ነው የሚወስነው። ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትወጉት።

ወደ ቤት ስመለስ ቤታችን ተለወጠ። ቴርሞሜትሩ ትራሴ ሥር ሆነ። በፊንጢጣ የሚለካ፣ የሚከተት፣ የሚነፋ ነገር ሁሉ ተከለከለ፤ የሳሳውን ሽፋን ይቧጭራል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ቀረ። እርጎና ያልፈላ ወተት ቀረ። ሰላጣ ቀረ፣ ሙዝና ብርቱካን ታጥቦ፣ ተልጦ ገባ። የቧንቧ ውሃ አፍልተን ነው የምጠጣው። ዓሣ አልተውኩም፣ በደንብ የተጠበሰ እበላለሁ። የሚጠርገውና የሚያነሳው ግን ሌላ ሰው ነው።

አስቸጋሪው ጠበል ነበር። አክስቴ ከዘጌ በቢጫ ጀሪካን ይዛልኝ መጥታለች። መንገዱን፣ ጀልባውን፣ ድካሟን አስቡት። እንዴት አልጠጣም ይባላል? የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ። «አባቴ፣ ሐኪሟ ያልፈላ ውሃ እንዳልጠጣ፣ ጨረሩ የላጠውንም ቆዳ ውሃ ውስጥ እንዳልነክር ከልክላኛለች» አልኳቸው። «ልጄ፣ ሐኪምንም የፈጠረ እሱ ነው። ይህ ወራት ይለፍልሽ፣ ጠበሉ የትም አይሄድም። እስከዚያ በመስቀሉ እባርክሻለሁ» አሉኝ። ለአክስቴም ራሳቸው ደውለው ነገሩልኝ። ጾሙንም እንደዚያው ፈቱልኝ። እናንተም የሚጨንቃችሁ ከሆነ ተደብቃችሁ ከመተው ጠይቁ። የሚከፋ አባት አልገጠመኝም።

ጠያቂውን በተመለከተ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «በእጅ ብቻ፣ በእጅ ብቻ!» ማለት ጀመረች። ጉንፋን ያለበት ከበረንዳ እንዲጠይቀኝ ሆነ። አንዳንዱ ቅር አለው፣ ይበለው። እውነቱን ለመናገር ግን ጠያቂውን ከምንፈራው ይልቅ የራሳችንን እጅ መታጠብና የአፋችንን ንጽህና ብንጠብቅ የበለጠ ይጠቅማል፤ ከላይ እንዳልኳችሁ አብዛኛው ጠላት ከውስጥ ነው የሚነሳው።

በተቃራኒው እኔን የፈሩም ነበሩ። አንዲት ዘመዴ ልጇን ከጭኔ ላይ ቀስ ብላ አነሳችው። ጨረሩ ይተላለፋል ብላ ነው። ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፣ ሰውነት ውስጥ አይቀርም። የጨረር ምንጩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰጠውም፣ ለእኔ የተሰጠኝ ዓይነት፣ ምንጩ ተመልሶ ይወጣል። ሕፃን ማቀፍ የሚከለከልባቸው ሌሎች ህክምናዎች አሉ፣ ለምሳሌ የእንቅርት ካንሰር የሚታከምበት ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፤ የእኔ ግን ያ አይደለም። ቢከፋኝም አስረዳኋት።

ለአስታማሚዎች አንድ ነገር ልጨምር። ወረቀቷን ታካሚው አይያዛት፣ እናንተ ያዟት። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው ቦርሳ ውስጥ ወረቀት ፈልጎ አያገኝም። የት ቦታ ላይ ጨረር እንደተሰጠ፣ ኬሞ አብሮ እንደነበር፣ የመጨረሻው ኒውትሮፊል ስንት እንደሆነና የተሠራበት ቀን ይጻፍባት። ስልካችሁ ላይም ፎቶ አንሷት። ጨረሩ ጡት ወይም እጅ ላይ ብቻ ከሆነ መቅኔው ብዙም አይነካም፤ ዳሌና አከርካሪ ከሆነ፣ ኬሞም ካለበት፣ ያኔ ነው ወረቀቷ የምትፈለገው።

የእኔ ኒውትሮፊል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሷል። ሊምፎሳይቱ ገና ነው፣ እሱ ወራትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል አሉኝ።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲዞር ግን ያላሰብኩት ነገር አመጣ። አንዷ ጎረቤቴ ልጇ አስሎት ራጅ ታዞለት «ጨረር ነው፣ አላስነሳውም» ብላ መለሰችው። እኔ ነኝ ያስፈራኋት። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ነገርኳት። የደረት ራጅ መጠኑ 0.1 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው፤ ሲቨርት ጨረር በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚለካበት ነው። ሰው በዓመት ውስጥ ከአፈሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከአየሩ፣ ከምግቡና ከሰማዩ ብቻ በአማካይ ከ2 ሚሊ ሲቨርት በላይ ያገኛል። የራጁ መጠን መቅኔን አያሳጣም፣ ነጭ የደም ሴል አያወርድም። «እንደሱ ከሆነማ» አለች። በማግስቱ አስነሳችው። ሳንባ ምች ነበር፣ አንቲባዮቲኩን እየወሰደ ነው።